ልጄን ከበረዶ ላይ ለማውረድ የተሳልኩት ጥላ

ባለፈው ሳምንት ካንቲናችሁን ባዶ አድርጉ ተባልን። ካንቲና በሮም ሕንፃዎች ምድር ቤት ውስጥ ለየነዋሪው የምትሰጥ ጠባብ ክፍል ናት፤ ሰው ሊጥለው ያልጨከነውን፣ ሊጠቀምበትም ያልፈለገውን ዕቃ ሁሉ ያጭቅባታል። ቧንቧ ሊቀየር ነው አሉ። እኔም በስልሳ ስድስት ዓመቴ ጉልበቴን እያባበልኩ ወረድኩና አሮጌ ሻንጣዎች፣ የማይሠራ ማሞቂያ፣ ጆሮው የጠፋ ድስት እየጎተትኩ ሳወጣ ከጥጉ አንድ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ አገኘሁ። ዚፑን ከፈትኩት። የወጣው ሽታ ሌላ ሰው ቢሆን ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረገ ያስሮጠው ነበር፤ የላብ፣ የረጠበ ቆዳ፣ የጎማና የዛገ ብረት ሽታ። ጎረቤቴ ጣሊያኗ አፍንጫዋን ይዛ «ሲኞራ አስካለ፣ እዚያ ውስጥ የሞተ ነገር አለ!» አለችኝ። «የሞተ ነገር የለም፤ የልጄ ሥራ ነው» አልኳትና እዚያው የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ጓንቱን አውጥቼ አሸተትኩት። ሌላዋ እናት የልጇን የመጀመሪያ ካልሲ ታስቀምጥ ይሆናል፤ የኔ ድርሻ ይኼ ነው።

ልጄ ኤርሚያስ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነበር። ለመዝናናት አላልኩም፤ እንጀራው ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ፈርሞ እስከ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ በሰሜን ጣሊያን የተራራ ከተሞች ሲጫወት ኖሯል፤ አራት ዓመት አምበል ሆኗል፤ ዛሬም እዚያው አሠልጣኝ ነው። ይኼን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ወደ በኋላ ስለ እግሩ ሳወራ እንዳትሳቀቁልኝ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ ያገሬ ሰው ሳስረዳ የገናን ጨዋታ አስቡ እላለሁ። ሜዳውን በረዶ አድርጉት፤ ሩሩን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ አድርጉት፤ ልጆቹን ከሥሩ የብረት ምላጭ ያለው ጫማ አድርጉላቸውና እንደ መኪና ልቀቋቸው። ዱላው ያው ዱላ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን እዚህ ነው። ሲገፋፉ፣ ሲጋጩ፣ አንዳንዴም በቡጢ ሲቃመሱ ይቆዩና ሲያበቃ ተሰልፈው እጅ ይጨባበጣሉ። ቂም ይዞ ቤቱ የሚገባ የለም፤ ቂም የምንይዘው እኛ እናቶቻቸው ነን።

ወደዚህ አገር የመጣሁት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። አዲስ አበባ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሮም ስደርስ ፊሳ ሆንኩ፤ እዚያው አሠሪዎቿ ቤት እያደረች የምትሠራ ሠራተኛ ማለት ነው። ያኔ ሁላችንም የምናርፈው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነበር። የያኔዋን ሮም የማያውቅ ሰው ሐሙስ ምን ዓይነት ቀን እንደነበረ ሊገባው አይችልም። ሳምንቱን ሙሉ በሰማያዊ ሽርጥ ስታጎነብስ የከረመች ሴት ስምንት ሰዓት ሲሆን ትከሻው በስፖንጅ ከፍ ያለ ጃኬቷን ለብሳ፣ የወርቅ ሎቲዋን አንጠልጥላ፣ በሳልዲ፣ በዋጋ ቅናሽ ጊዜ፣ ከቪያ ናዚዮናሌ የገዛችውን ቡትስ እያስጮኸች ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ትወርዳለች። የአሥር ሺህ ሊሬ የስልክ ካርድ ገዝተን ወረፋ እንይዝና አገር ቤት እንደውላለን፤ ገና «እንዴት ናችሁ» ሳንባባል ግማሹ ካርድ ያልቃል። ከዚያ በእግራችን ወደ ኤስኲሊኖ ሰፈር እንዘልቃለን። የፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ያኔ ከሰማይ በታች ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሻጩም ገዢውም አንድ ሸራ ሥር ይጨናነቃል። አሁን አዳራሽ ገብቶ ጨዋ ሆኗል። ካሴት የሚሸጥ አንድ ያገራችን ልጅ ነበር፤ አንዷ ካሴት ገዝታ ለአምስት እናዳምጣታለን፤ ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን፤ ዘፈኑ አልቆ ለቅሶው ይቀጥላል። ቪያ ኩርታቶኔ ላይ ያለው ያ ትልቅ ሕንፃ፣ በኋላ የኛ ስደተኛ ልጆች የኖሩበትና የተባረሩበት፣ ያኔ ከረባት ያሠሩ ሰዎች የሚገቡበት መሥሪያ ቤት ነበር። ቡትሱ እግራችንን ሲፈጀን በሩ ላይ ጫማችንን እየቀየርን እንስቅ ነበር።

አሠሪዬ ሲኞራ ማርቼላ የሚባሉ፣ ፕራቲ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ቁጡ ናቸው፣ ግን ሰው ናቸው። የኤርሚያስ አባት ገና አገር ቤት ሳለን አርፎብን ስለነበር ልጄን በዘጠኝ ዓመቱ ሳስመጣው ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው በኔ ክፍል እንዲያድር ፈቀዱልኝ። አልጋዋ አንድ፣ መስኮቷ መሐረብ የምታህል ነበረች። ልጄን ያሳደግኩት «ቀስ በል» እያልኩ ነው። ቀስ ብለህ ተራመድ፣ ሲኞራ ተኝተዋል፤ ድምፅህን ቀንስ፣ እንግዳ አለ፤ ኳስህን አስቀምጥ፣ የታችኛው ቤት ይሰማል። ክፉ ሆኜ አልነበረም። የሰው ቤት ነበር።

በረዶውን ያገኘው በኔው እጅ ነው፤ ማንንም አልከስም። የሲኞራ የልጅ ልጅ ሎሬንዞ ሆኪ ካልተማርኩ ብሎ አለቀሰ፤ አመጡለት። ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የበረዶ አዳራሽ የማመላለሱ ሥራ የኔ ሆነ፤ ሜትሮውን እስከ አናኒና፣ ከዚያ ሰማያዊውን አውቶቡስ። ቦርሳውን ኤርሚያስና እኔ እንሸከማለን፤ ሎሬንዞ ብስኩቱን ይሸከማል። በወሩ ሎሬንዞ ሰለቸውና ቴኒስ ጀመረ። አሠልጣኙ ጁሊያኖ፣ የተራራ አገር ሰው ነው፣ ጫማውን ለመመለስ የሄድን ዕለት ኤርሚያስን አየውና «አንተስ?» አለው። ሁለት ቁጥር የሚሰፋውን የሎሬንዞን ጫማ በሦስት ካልሲ ሞልቶ ገባ። ወደቀ፤ ተነሣ፤ ወደቀ፤ ተነሣ። ሃያ ጊዜ ያህል እንደወደቀ ጁሊያኖ ወደኔ መጥቶ «ሲኞራ፣ ይኼ ልጅ ሲወድቅ አያፍርም። የሚያፍረውን ማስተማር አልችልም፤ ይኼን ግን እችላለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ የአገሬ አስተማሪ ነኝና የባልደረባዬን ቃል አከበርኩ። ስድስት ዓመት ያችን መንገድ ተመላለስን። እኔ ግን በሩ ላይ አደርሰውና ውጭ ካለው ቡና ቤት ገብቼ ሻይ ይዤ እቀመጥ ነበር። ብርዱ አይስማማኝም እላለሁ። እውነቱን ብነግራችሁ እግሩ ሥር ያንን ምላጭ ማየት አልወድም ነበር።

አሥራ ስድስት ሲሞላው ከሰሜን ሰዎች መጡ። ማደሪያ፣ ትምህርት ቤት፣ ምግብ፣ ሁሉን እንችላለን አሉ። እኔ ያሰብኩለት ራጆኒዬሬ እንዲሆን ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሸሚዝ ለባሽ፣ ወንበር ያለው። ጓደኛዬ አልማዝ፣ እንደኔው ፊሳ የሆነች አፈኛ፣ «እቴ አስካለ፣ ሰው ልጁን ከአፍሪካ አምጥቶ በረዶ ላይ ያሰጣል?» ብላ ሳቀችብኝ። ሲኞራ ማርቼላ ግን መነጽራቸውን አውርደው «ልቀቂው። እዚህ ምን ይሆናል? የኔ ሾፌር?» አሉኝ። ለቀቅኩት። በዚያን ጊዜ ሻንጣው ውስጥ አራት ሹራብ፣ አንድ ነጠላና ዳዊት ጨምሬለት ነበር። ነጠላውን ሌሎቹ ልጆች ሻርፕ መስሏቸው እየተዋሱ አንገታቸው ላይ ይጠመጥሙት እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

ከዚያ የስልክ ዘመን ሆነ። ሐሙስ አሥር ሰዓት ይደውላል። ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ታድሶ እስኪመጣ ኮንትራቱ ሁለት ወር ጠበቀው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ፈረመ። የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ካፖርት ላከልኝ፣ ቡናማ፣ ረጅም፣ አንገቱ ፀጉራም። ሊሬው ቀርቶ ዩሮ የገባ ሰሞን ነበርና ሁላችንም ዋጋ ስንሰማ በልባችን በሁለት ሺህ እናባዛ ነበር፤ የካፖርቱን ሳባዛው ደንግጬ ሁለት ወር ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀልኩት። «እማዬ፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለን፤ ነይ» ይለኛል። «ቅዳሜ ሥራ ላይ ነኝ» እለዋለሁ። «ሲኞራን አስፈቅጂያ።» «እሳቸው ቅዳሜ እንግዳ አላቸው።» እንግዳውን እኔ ነበርኩ የምፈጥረው። በየቅዳሜው ሲኞራ ማርቼላ ብቻቸውን ካርታ ሲደረድሩ፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ስልኩን እየሰረቅኩ አይ ነበር።

አንድ ኅዳር ወር ላይ ለሁለት ቀን መጣ። በሩን ስከፍትለት ፈገግ ሲል ከፊት ሁለት ጥርስ የለም። ጠላቴን እንዲህ ያድርገው! «ዲስኮ ነው እማዬ፣ ኒየንቴ፣ ምንም አይደለም፤ ያስተካክሉታል» አለኝ፤ ዲስኮ የሚሉት ያንን ጥቁር ጎማ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ብሄድ አልማዝ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ውይ! ይኼ ልጅ ለጨዋታ ነው ወይስ ለዘመቻ የላክሽው?» አለችኝ፤ ሴቶቹም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ያ የከንፈር መጠጣ ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ቆየ። እንቅልፍ ባጣሁ ቁጥር የማስበው የቀሩትን ጥርሶች ነበር፤ ከዚያ ዓይኖቹን፤ ከዚያ አንገቱን።

ታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ሦስቱ ልጆች ከእሳት የወጡበት በዓል ነው። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ሲወጣ እኔ ሥዕሉ ፊት ቀረሁና እንዲህ አልኩ፦ «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣህ፣ የኔን አንድ ልጅ ከበረዶ አውጣልኝ። ይኼን ጨዋታ አስተወውና ጥላ አገባልሃለሁ።» አሳምሬ በመናገሬ ኩራት ተሰማኝ። አስተማሪ ነኛ! ለማንም አልተናገርኩም፤ ቀለል ብሎኝ በእግሬ እስከ ፕራቲ ሄድኩ። በመንገዴ በቅዱስ ጴጥሮስ በኩል ሳልፍ ከጀርባው ወዳለችው ወደ ጥንቷ የኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ አቅጣጫ እጅ ነሣሁ። ለእሱም ልንገረው ብዬ አሰብኩና አንድ ጉዳይ ለሁለት ቅዱሳን አይሰጥም ብዬ ተውኩት።

ወር አልሞላም። ጥምቀት አልፎ በሁለተኛው ቀን ሲኞራ ስልክ አንሥተው ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ጉልበቱ ነው። ከአዳራሹ ግንብ ጋር አጋጭተውት ጅማቱ ተበጥሷል፣ አጥንቱም ተሰንጥቋል፤ በቃሬዛ ነው ከበረዶው ያወጡት። ይኼን ስሰማ መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ይኼ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል? «ወይኔ ልጄ» አልነበረም። «ሰማኝ» የሚል ነበር።

ካፖርቴን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰሜን በባቡር ሄድኩ። ሆስፒታሉ ንጹሕ፣ ተራራው በመስኮት ሙሉ የሚታይ። ኤርሚያስ ሲያየኝ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እማዬ፣ መጣሽ?» አለኝ፣ ደጋግሞ። ሐኪሙ በመስከረም ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። ቡድኑ ኮንትራቱን ለማደስ እስከ መስከረም እንደሚጠብቀው ነገረው፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ ተከላካይ ይወስዳሉ። ልጄ የቀረው ያ ብቻ ነበር፤ ሌላ ሙያ አልተማረም፣ ሌላ ፍላጎትም የለውም። ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ሮም ይዤው መጣሁ።

ስድስት ወር አብረን ኖርን። አርጅተው የነበሩት ሲኞራ ማርቼላ ያችን ክፍል ለእሱ ለቀው ለኔ ሳሎን አጠገብ አነጠፉልኝ። አንድ ሜትር ከዘጠና የሆነ ሰው ያች አልጋ ላይ! እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውጭ ነበር። ወጥ ቤት በር ላይ ላስቲክ አስሮ ጠዋትና ማታ ጉልበቱን ያንቀሳቅሳል፤ ላቡ ይንጠባጠባል፤ እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ይኼንንም አልደብቅም። ልጄ ከፊቴ ነው፣ ያበሰልኩትን ይበላል፣ ጥርስ የሚያወልቅበት የለም። ከዚያ አንድ ግንቦት ቀን ላስቲኩን እየጎተተ ሳለ ቆም አለና «እማዬ፣ አሎራ፣ እንግዲህ ለገብርኤል ተሳይልኝ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ወደ በረዶው መልሰኝ በይልኛ። ከመለሰኝ ጥላ አገባለሁ፤ እኔ ነኝ የምገዛው። አንቺን ይሰማል።»

ቢላውን አስቀመጥኩ። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ፊቴን ታጠብኩ። አያችሁ ያለሁበትን? ለዚያው መልአክ አንድ ጥላ ልጄን ከበረዶ ስላወረደልኝ፣ አንድ ጥላ ደግሞ ልጄን ወደ በረዶ እንዲመልስልኝ! በአፌ ስለቱን ተሳልኩልህ አልኩት፤ በልቤ ግን ቃል አልወጣኝም። በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ የነፍስ አባቴን አባ ኃይለ ሚካኤልን ለብቻቸው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«እና አሁን መልአኩ የልጅሽን እግር ሰበረው እያልሽኝ ነው?» አሉኝ።

«እኔ ለመንኩ አባቴ፤ እሱም ሰማኝ።»

«ልጄ፣ እናት ያለችውን ሁሉ መልአክ ቢፈጽም ኖሮ በዚህ ከተማ ጤነኛ ልጅ ባልተገኘ ነበር። ስንቷ ናት ልጇን ‹እግርህን ይስበረው› ስትል የምትውለው! እግሩን የሰበረው የገፋው ጎረምሳ ነው።»

«እንግዲያው ስለቱን ልተወው?»

«የለም፤ ከአፍሽ የወጣ ስለት ነው፤ አግቢ። ነገር ግን በኛ ደንብ ስለት ያስገባ ሰው ምን ብሎ እንደተሳለ በጉባኤ ይናገራል። እዚያ ቆመሽ ‹ለጤናዬ ነው› ብትዪኝ እኔ ቄስሽ አይደለሁም። ልጅሽም እዚያው ይኑር።»

ጥላውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁት፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ። ዋጋውን አልነግራችሁም። ኤርሚያስ ሲያየው የእሱ ስለት መስሎት «እንዴ፣ ገና ሳልመለስ?» ብሎ ሳቀ። ለሐምሌ ገብርኤል፣ ለጥንቃቄ አንድ ክራንች ይዞ፣ በጥቂቱ እያነከሰ አብሮኝ መጣ። የዚያ ቀን ስብከት ስለ ቂርቆስና ስለ ኢየሉጣ ነው፤ የፈላውን ውኃ አይታ የፈራችው እናት፣ «አይዞሽ» ያላት ትንሹ ልጇ። ሳልቀመጥ ቆሜ ነው የሰማሁት። ከዚያ ስሜ ተጠራ። ጥላውን ዘርግቼ ወጣሁ፤ አልማዝ ገና ሳልናገር እልልታዋን ለቀቀችው። ድምፅ ማጉያውን ይዤ እንዲህ አልኩ፦ «የተሳልኩት ታኅሣሥ ላይ ነው። ልጄን ከጨዋታው አስተወው ብዬ ነው የለመንኩት። ልጄ በወሩ ተሰበረ። እሱ የሚያውቀው ሌላ ነው፤ እውነቱ ይኼ ነው። ስለቴን አግብቻለሁ፤ ልጄን ይቅርታ እጠይቃለሁ።» የአልማዝ እልልታ እንደተጀመረ ቀረ። ከኋላ፣ ከወንዶቹ በኩል፣ የክራንች ኮቴ ሲርቅ ሰማሁ።

ውጭ ትራም ማቆሚያው ላይ ደረስኩበት። ፀሐዩ ያቃጥላል። አልጮኸም፤ መጮኽ አላስተማርኩትማ።

«እማዬ፣ ስንት ጊዜ ስጫወት አይተሽኛል?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ስንት ጊዜ?»

«አንድም።»

«አይተሽ ብትጠዪው፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ይገባኛል። ጥርሱም፣ እግሩም፣ ሁሉም ይገባኛል። ግን ሳታዪው? ከምን እንደሚያወጣኝ ሳታውቂ?» አለኝ። ትራሙ መጣ፤ እሱ ገባ፤ እኔ ቀረሁ። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ። ስንሰነባበት ጉንጬን ስሞኛል፤ መሳሙ ግን የዘመድ ነበር እንጂ የልጅ አልነበረም።

ነሐሴ ሮም ባዶ የምትሆንበት ወር ነው፤ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ። አራት ሐሙስ ስልክ ሳይደወል አለፈ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ያንን ግን እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም። ጁሊያኖን አገኘሁት፤ «ጉልበቱ ጥሩ ነው፤ ፈርሟል» አለኝ። የልጄን ደስታ ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ። ጥቅምት ሲገባ ሲኞራ ማርቼላ ፊት ቆሜ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ጠይቄያቸው የማላውቀውን ጠየቅኳቸው፤ ቅዳሜን።

«ቅዳሜ? ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም። ልጄን ሲጫወት ላየው ነው።»

«ጊዜው ነው» አሉና ለባቡር እንድደርስ ቡናቸውን ራሳቸው አፈሉ።

ሳልነግረው ሄድኩ። ቲኬቴን ቆርጬ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ ከበሮ ከሚመታ ሽማግሌ ጎን ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ በጣቶቼ መካከል ነው ያየሁት። ከዚያ እጄ በራሱ ወረደ። ልጄ ተከላካይ ነው፤ ተከላካይ ፊቱን ወደ አጥቂዎቹ አዙሮ ወደ ኋላ ነው የሚንሸራተተው። እነዚያ በሙሉ ኃይላቸው ወደ ፊት ሲመጡ እሱ በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዓይኑን ከእነሱ ሳይነቅል፣ ሳይቸኩል፣ ዱላውን እንደ ዋዛ ዘርግቶ፤ እና ያችን ጎማ ከእግራቸው ሥር ይወስድባቸዋል። እኔ የማውቀው ኤርሚያስ በኮሪደር ሲያልፍ ትከሻውን የሚሰበስብ፣ የፔርሜሶ ቢሮ ወረፋ ላይ አንገቱን የሚደፋ፣ በር ሲዘጋ እጀታውን ይዞ ድምፅ እንዳይሰማ የሚጠነቀቅ ልጅ ነው። እዚህ ግን ቁመቱን ሁሉ ለብሶታል። ይጮኻል! ጓደኞቹን በስማቸው እየጠራ፣ ያንን አዳራሽ በድምፁ ሞልቶ፣ ይሄንን ያዝ፣ ያንን ልቀቅ እያለ ያዛል። ማንም ቀስ በል አላለውም። ለካ ከዚህ ነበር አውጣልኝ ያልኩት። እንባዬ መጣ፤ ብርዱ ነው እንዳልል ከበሮ መቺው ሽማግሌ እያየኝ ነበር፤ መሐረቡን አቀበለኝ።

በመጨረሻው ክፍል አንድ እንደ ግንድ የወፈረ ተጫዋች ገፍቶ ከግንቡ ጋር አጋጨው። በዚያው በተሰበረው ጎን። ሰዉ ሁሉ ተነሣ፤ እኔ ግን ቀድሜያቸው ቆሜ ነበር። ልጄ ተነሣ፤ ጎማዋን ከዚያ ግንድ እግር ሥር ነጠቀና ወደ ፊት ፈተለከ። «በለው!» አልኩ፣ ፕራቲ ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት አምቄ ባቆየሁት ድምፅ። «በለው! በለው የኔ ልጅ!» አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነበርን። ሁለተኛው ሰው እየሮጠ አንገቱን አዞረ።

ጨዋታው አልቆ ከተጨባበጡ በኋላ ኮፍያውን ብብቱ ሥር ይዞ ወደኔ በኩል መጣ። ፊቱ ቀልቷል፣ ከቅንድቡ በላይ ትንሽ ደም አለ፣ ያ ግማት ከሩቅ ይሸታል። ግንቡ በመካከላችን ነው። እኔ ምን ልበል እያልኩ ሳወጣና ሳወርድ እሱ ቀደመኝ።

«እማዬ» አለኝ፣ ሳቁን አፍኖ፣ «ዛሬስ ምን ተሳልሽ?»

«ምንም» አልኩት። «መቼ ጊዜ አገኘሁ? አንተን ሳይ።»